ሚዶዬን ይዤ እስከ ሻሸመኔ

ከሻሸመኔ ከተመለስኩ ወዲህ ሹሩባ ልትሠራ የምትቀመጥ ሁሉ በመስታወቱ ውስጥ ዓይን ዓይኔን እያየች «እስኪ እንዴት ነበር? ንገሪን እንጂ!» ትለኛለች። እኔ ደግሞ ሰው እያየኝ ማውራት አልችልበትም። «ደኅና ነበር» እላለሁ፤ ከዚያ ፊቴ ይግላል፤ ከዚያ ሚዶ የወደቀብኝ መስዬ ጎንበስ እላለሁ።

መላውን ያመጣችው እትዬ አልማዝ የምትባል የቆየች ደንበኛዬ ናት። «አንቺ ልጅ፣ ማውራቱን ካፈርሽ ጻፊውና እናንብበው። ወረቀት አያፈጥብሽም» አለችኝ። ትምህርቴ እስከ ስድስተኛ ክፍል ነው፤ መጻፍ ግን እወዳለሁ። ስለዚህ ይኸው። የጻፍኩት እኛ ቤት ጸጉራቸውን ለሚሠሩና ከአዳማ ወጥተው ለማያውቁ ሴቶች ነው። ሻሸመኔ የግማሽ ቀን መንገድ መሆኗን አውቃለሁ። ለእኔ ግን ከሞጆ ወዲያ ያለው ሁሉ ውጭ አገር ነበር።

ጉዞውንም ያመጣችብኝ እትዬ አልማዝ ናት። ታናሽ እህቷ እትዬ ብርቄ ሻሸመኔ ውስጥ ወላጅ የሌላቸው ሕፃናት የሚያድጉበት ቤት ታስተዳድራለች። የሴቶቹን ልጆች ጸጉር ትሠራ የነበረችው ሴት አግብታ ከተማውን ለቃለች፤ ፋሲካ ደግሞ እየመጣ ነው። «ልጅ የሚያቅፍ ሰው ከባሕር ማዶ በነፃ ይመጣላቸዋል፤ ሹሩባ የሚሠራ ግን ከአዳማ እንኳን አላገኙም» አለች እትዬ አልማዝ፣ አንገቷን አዙራ እያየችኝ። በሰሙነ ሕማማት ሥራ ስለሚበዛብኝ መሄድ የምችለው ከሆሳዕና በፊት ባለው ሳምንት ብቻ ነበር። እውነቱን ለመናገር በዚያም ሳምንት መሄድ አልፈለግኩም። ግን እሺ ማለት አጭር ነው፤ እምቢ ማለት ምክንያት ይጠይቃል። እሺ አልኩ።

ረቡዕ

እናቴ ባሕር የምሻገር ይመስል ዳቦ፣ ቆሎና ወፍራም ጋቢ አስታቀፈችኝ። «ሻሸመኔ ብርድ ነው» አለች። እሷም ሄዳ አታውቅም። በአዳማ ሙቀት ጋቢ ታቅፌ ባጃጅ ውስጥ ስገባ ሾፌሩ ዞሮ አየኝና «እህት፣ ወደ ሐኪም ቤት ነው?» አለኝ።

መናኸሪያው ውስጥ የሚኒባሱ ረዳት «ሻሸ! ሻሸ! አንድ ሰው! አንድ ሰው ብቻ!» እያለ ይጮኻል። የቀረው አንድ ቦታ ከሆነ ብዬ እየሮጥኩ ገባሁ። ውስጥ ማንም የለም። አንድ ሰው ያለው ለካ እኔን ኖሯል። መኪናው እስኪሞላ ድረስ ከእናቴ ቆሎ ብዙውን ጨረስኩት።

አጠገቤ የተቀመጡት አባባ ከድር የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው። ሻሸመኔ ድንች ይነግዳሉ፤ አዳማ የሚማር ልጃቸውን ጠይቀው መመለሳቸው ነበር።

«ምን ልትሠሪ ትሄጃለሽ ልጄ?» አሉኝ።

«ሹሩባ።»

«ከአዳማ ሻሸመኔ ለሹሩባ? ሻሸመኔ ሚዶ የለም እንዴ?»

«ለሕፃናት ነው… ወላጅ ለሌላቸው።»

ከኪሳቸው ብርቱካን አውጥተው ሰጡኝ። ከዚያ በኋላ እስከ መቂ ድረስ ስለ ድንች አጫወቱኝ። መልስ ስለማይጠብቁ ከእሳቸው ጋር መንገድ ደስ ይላል።

አዳማ ወዴትም ብትዞሩ ጋራ ታያላችሁ። ከቆቃ ወዲያ ግን ሰማዩ እስከ መሬት ይወርዳል፤ መሐሉ ላይ ግራር ብቻ ነው። መቂ ስንደርስ ደግሞ የመንገዱ ዳር ሁሉ ሽንኩርት ሆነ። በዓሉ ስለቀረበ ደላሎቹ የሠርግ ቤት አሳላፊ ይመስል ወዲያ ወዲህ ይላሉ፤ አይሱዙዎቹ ወደ አዲስ አበባ ይጫናሉ። አንዲት ነጋዴ ግን ለሻሸመኔ ገበያ ያለችውን ይዛ እኛ መኪና ውስጥ ገባች። ጣሪያው ሞልቶ ስለነበር አንዱ ጆንያ ውስጥ ገባ። ውስጥ ማለት እኔ እግር ሥር ማለት ነው።

«እህት፣ እግርሽን አንሺማ» አለ ረዳቱ።

አነሣሁ።

«በቃ አሁን ጆንያው ላይ አድርጊው። ሶፋ ነው።»

«እንዳትረግጪብኝ የኔ እናት!» ብላ ጮኸች ነጋዴዋ ከኋላ። «የሰው ዶሮ ወጥ ነው እሱ!»

ስለዚህ እግሬን ጆንያው ላይ አድርጌ፣ ግን ጆንያውን ሳልረግጥ መሄድ ነበረብኝ። እንዴት እንደሆነ አትጠይቁኝ። ዝዋይ ስንደርስ ጉልበቴ አገጬ ጋ ደርሷል፤ ከሽንኩርቱ የተነሣ ዓይኔም ያነባል። አባባ ከድር የከፋኝ መስሏቸው ሌላ ብርቱካን ሰጡኝ።

ዝዋይን አሁን ባቱ ይሏታል፤ ረዳቱ ግን እንዳይሳሳት ሁለቱንም ይጠራል። ምሳ የወረድንበት ምግብ ቤት የተጠበሰ ዓሣ ይሸታል። ሁዳዴ ስለሆነ ክርክሩ ወዲያው ተነሣ።

«ዓሣ ፆም ነው» አለ ሾፌሩ እጁን እየታጠበ።

«ማን አባቱ አለ? ነፍስ የለውም እንዴ?» አለች የሽንኩርቷ ነጋዴ።

«ዕድሜውን ሙሉ ውሃ ሲጠጣ የኖረ ነገር ነው። ራሱ ፆመኛ ነው!»

አባባ ከድር «እኔ የእኔን ፆም ጨርሻለሁ። እናንተ እስክትስማሙ የሾፌሩን ለእኔ አምጡልኝ» ሲሉ ቤቱ በሙሉ ሳቀ። እኔ ሽሮ በላሁ። የዝዋይ ሽሮ ከእኛ ቤቱ ቀጠን ይላል፤ ቃሪያው ግን ያስለቅሳል። የዚያን ቀን ያላስለቀሰኝ ነገር የለም።

ከላንጋኖ በኋላ መንገዱ ሽቅብ ሄደ፤ ነገሌ ስንደርስ ብርዱ ጀመረ። ጋቢዬን ስከናነብ መኪናው ውስጥ ያለው ሰው ሁሉ በቅናት አየኝ። ረዳቱ ሳይቀር «እህት፣ ጫፏን ብቻ» አለኝ። እናቴ ሳታየው የምታውቀው አገር ብዙ ነው።

እትዬ ብርቄ በስልክ «ሻሸመኔ ስትገቢ ከማደያው ጋ ውረጂ» ብላኝ ነበር። ማደያው መጣ። «ወራጅ አለ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። አፌን ከፈትኩ። ያ ሁሉ ሰው ዞሮ ሲያየኝ ታየኝና አፌን ዘጋሁ። ማደያው አለፈ። ቀጥሎ የነበረውም ዳቦ ቤት አለፈ። መናኸሪያው መሐል ቆምን።

«ልጄ፣ ማደያው ጋ ነው የምወርደው አላልሽኝም?» አሉ አባባ ከድር።

«ብዬ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልጮኽሽም?»

«አፈርኩ።»

እጃቸውን ግንባራቸው ላይ አደረጉ። «እኔስ! የእኔም ቤት እዚያው ነው። አንቺ ስትጮኺ አብሬ እወርዳለሁ ብዬ ስጠብቅ!» አሉና እስኪያስላቸው ሳቁ። አንድ ባጃጅ ይዘን አብረን ተመለስን፤ እስከ በሩም አደረሱኝ።

በሩ ሲከፈት ልጆቹ «መጣች! መጣች!» እያሉ እንደ ጎርፍ ወረዱብኝ። አንዷ እጄን፣ አንዱ ቀሚሴን፣ ሌላው ጋቢዬን ያዘ። ማንነቴን የጠየቀ የለም። ሰው በዚህ ዓይነት ወዶኝ ስለማያውቅ ደርቄ ቀረሁ። እትዬ ብርቄ አጭር፣ ፈጣን ሴት ናት። ስትሄድ ትሮጣለች። «ሰኒ፣ ዝምተኛ ነሽ አሉ። ጥሩ ነው፤ እዚህ ቤት ዝም የሚል ሰው ጠፍቷል» አለችኝና እራት አቀረበች። ድንች ወጥ ነበር። ስለ ድንቹ እኔ የማላውቀው ነገር አልቀረም ነበርና አከበርኩት።

ያደርኩት ሊና ከምትባል የሆላንድ ልጅ ጋር ነው። ልጆቹን ልታገለግል የመጣች ናት፤ ረጅም ናት፤ እግሯ ከአልጋው ይተርፋል። የምታውቀው አማርኛ «እሺ» እና «በጣም ጎበዝ» ብቻ ነው። ጋቢዬን ነካ አድርጋ «በጣም ጎበዝ» አለችኝ። ከእንዲህ ዓይነት ሰው ጋር ማፈር አይቻልም።

ሐሙስ

ጠዋት ላይ እትዬ ብርቄ የቤቱን ደንብ ነገረችኝ። መራመድ የሚችል ልጅ አይታቀፍም። ከረሜላ ለሁሉም ካልሆነ ለማንም አይሰጥም። ከሁሉ የገረመኝ ግን «ስትወጪ ለልጆቹ ‹መጣሁ› እንዳትዪ» ያለችኝ ነው። እኛ አዳማ ከቤት ስንወጣ ሁሉ «መጣሁ» እንላለን፤ ማታ ብንመለስም፣ ጨርሶ ባንመለስም። እዚህ ግን ልጆቹ ቃሉን አምነው በር ላይ ይጠብቃሉ። እሺ ብዬ ተነሣሁና ወደ ሽንት ቤት ስሄድ ምላሴ አመለጠኝ፤ «መጣሁ» አልኩ። ስወጣ ልጆቹ በሩ ላይ ተሰብስበው ጠበቁኝ። አንዱ ለጓደኛው «አላልኩህም? እውነትም መጣች» አለው።

ከቁርስ በኋላ ከግንቡ ጥላ ሥር ዱካ አስቀምጬ ሥራ ጀመርኩ። አዳማ ደንበኛ «አጥብቂው» ትላለች፤ የላላ ሹሩባ የሠራች ሴት ስሟ ይጠፋል። ለእነዚህም ልጆች እስከ ፋሲካ እንዲቆይላቸው ብዬ አጠበቅኩት። ትልልቆቹ ቻሉት። «ኧረ ጆሮዬ!» ይላሉ፤ ከዚያ መስታወት ያያሉ፤ ከዚያ ስለ ጆሮው ይረሳሉ።

አንዲት ልጅ ግን ከእኔ ትንሽ ራቅ ብላ ግንቡን ተደግፋ ቆማ ነበር። አራት ዓመት ቢሆናት ነው። ትናንት ከሮጡት ውስጥ አልነበረችም። ጸጉሯ ገና አጭር ነው። ስትመጣ በቅማል ምክንያት ተላጭታ ነበርና ለሹሩባ የደረሰው አሁን ነው። አልጠራኋትም፤ መጥራትም አልችልበትም። ጥቂት ቆይቶ ክሩ ከእጄ ሲወድቅ አንሥታ ሰጠችኝ። ቀጥላ ሚዶውን ያዘችልኝ። ከዚያ በኋላ ሙሉ ቀን እሷ ታቀብለኛለች፣ እኔ እሠራለሁ። አንድም ቃል አልተነጋገርንም። እንደዚያ ያለ ደስ የሚል ጨዋታ ተጫውቼ አላውቅም።

እትዬ ብርቄ ይህን አይታ ወደ ማዕድ ቤት ጠራችኝ።

«ቢፍቱ ናት እሷ። አንቺ ጋ መቆሟ ገርሞኛል። ወደ ማንም አትጠጋም።»

«ሌሎቹ ግን እኔን ሳያውቁኝ…»

«ሌሎቹ እንግዳ ለምደዋል። የሚመጣውን ሁሉ ያቅፋሉ፤ ሲሄድ ደግሞ ለሚቀጥለው ይዘጋጃሉ። ቢፍቱ ይህን እምቢ አለች። እኔ በሆዴ ጎበዝ እላታለሁ። አሁን ግን ይኸው ጠባይዋ ሊጎዳት ነው።»

ነገሩ እንዲህ ነው። ከነገሌ ወዲያ ካለ ገጠር አንድ ባልና ሚስት ቢፍቱን በጉዲፈቻ ሊወስዷት ጠይቀዋል። ልጅ አልወለዱም። የመንግሥት ወረቀቱ ሁሉ አልቋል። መጀመሪያ ሊያዩዋት ሲመጡ አልጋ ሥር ገባች። ሁለተኛ ሲመጡ እስኪያስመልሳት አለቀሰች። ቅዳሜ ሊወስዷት ይመጣሉ።

«ቅዳሜም ብታለቅስስ?»

«እያለቀሰች በግድ አልሰጥም። እነሱም አይወስዱም» አለች እትዬ ብርቄ፣ ድንቹን በኃይል እየላጠች። «ሴትየዋ ግን ባለፈው ስትሄድ ‹ልጅቷ ካልፈለገችኝ አላስጨንቃት› ብላኛለች። ቅዳሜ ካልሆነ ተመልሳ አትመጣም። ሰኒ፣ ብዙ ሰው በዚህ በር ሲገባ አይቻለሁ። ለዚህች ልጅ ከዚያች ሴት የተሻለ አላገኝም።»

ዓርብ

ጠዋት ክር አልቆብኝ ከሊና ጋር ወደ ጃማይካ ሰፈር ሄድን። የሻሸመኔ ሰው የራስ ተፈሪያኖቹን ሰፈር እንዲህ ነው የሚጠራው። አንድ ሱቅ በራፍ ላይ ጸጉሩ እስከ ወገቡ የወረደ ሰውዬ ቆሟል። ሌላው ሰው ስለ እነዚህ ሰዎች ምን እንደሚያስብ አላውቅም። እኔ ያሰብኩት ማን ይገምደዋል፣ ሲተኛስ አይከብደውም ወይ ብቻ ነው። መጠየቅ አፍሬ ዓይኔን ብቻ ተክዬ ቀረሁ።

«እህቴ፣ ምን ጠፋብሽ?» አለኝ በጥርት ያለ አማርኛ።

«ክር» አልኩት።

ሊና ግን አንዱን ጉንጉን እያሳየች በእጇ የሚዛን ምልክት ሠራች። ሰውዬው ሳቀና ጫፉን እጄ ላይ አስቀመጠልኝ። እንደ ጉድጓድ ገመድ ይከብዳል። «በጣም ጎበዝ» አለችው ሊና። በዚህ እንኳን ተስማማን።

ስንመለስ ሊናም ሹሩባ አማራት። ጸጉሯ እንደ ሳሙና ነው፤ ከዚህ ስይዘው በዚያ ያመልጣል። ጆሮዋ ጋ ስደርስ የግንባሯ ተፈትቷል፤ ወደ ግንባሯ ስመለስ የማጅራቷ። ልጆቹ ተሰብስበው ሳቁብን። በመጨረሻ አዳማ ያላየሁት ዓይነት ነገር ሆነ፤ ግማሹ ሹሩባ፣ ግማሹ ጎፈሬ። እሷ ግን መስታወቱን ይዛ ስትሽከረከር ዋለች።

ሊና ስትነሣ ዱካው ሥር የተቀመጠችው ቢፍቱ ነበረች። ማንም አልጠራትም። ራሷ መጥታ፣ ራሷ ዞራ፣ ራሷን ዘንበል አደረገች። እትዬ ብርቄ ማዕድ ቤት በር ላይ ማማሰያ እንደያዘች ቆማ ቀረች።

ለቅዳሜ ማማር አለባት አልኩ በልቤ። እናቷ የምትሆነው ሴት አይታ «ዕፁብ» እንድትል። ያለኝን ሙያ ሁሉ አወጣሁ። በጣም ቀጭን አድርጌ ሠራኋት። ጸጉሯ አጭር ስለሆነ ካልሳብኩት አይያዝም፤ ስለዚህ ሳብኩት። ድምፅ አላሰማችም። ዝም ስላለች ያላመማት መሰለኝ። ዝም ያለ ሰው ሁሉ ደኅና እንዳልሆነ ከማንም በፊት ማወቅ የነበረብኝ እኔ ነበርኩ።

ቅዳሜ

በጠዋት የሰማሁት የእትዬ ብርቄን ጩኸት ነው።

«ሰኒ! የዚችን ልጅ ቅንድብ ወዴት ሰቀልሽው?»

ቢፍቱ የምግብ ጠረጴዛው ሥር ተቀምጣለች። ግንባሯ እንደ ብርጭቆ ያበራል፤ ቅንድቧ ወደ ላይ ሄዷል፤ በሁለት እጇ ራሷን ይዛለች። አንዱ ልጅ ጎንበስ ብሎ አያትና «ምን ገርሟት ነው?» አለ። እውነትም የገረማት ትመስላለች። እንባዋ ግን ይወርዳል።

«እስከ ፋሲካ እንዲቆይ ብዬ ነው…» አልኩ።

«እስከ ፋሲካ? ይሄ እስከ መስቀል ይቆያል!»

ልፈታላት ጎንበስ ስል ወደ ግድግዳው ሸሸች። ከትናንት ወዲያ ሚዶ ስታቀብለኝ የነበረች ልጅ ዛሬ እጄን ስታይ ራሷን ትሸፍናለች። ሊና ብስኩት ይዛ ተንበረከከች፤ አልወጣችም። በዚህ መሐል በሩ ተንኳኳ።

የገቡት ኦቦ ገመዳና አዴ ቡልቱ ነበሩ። ኦቦና አዴ እንደ አቶና ወይዘሮ ነው። ኦቦ ገመዳ ለዚህ ቀን የተገዛ የሚመስል አዲስ ጫማ አድርገዋል፤ ጫማው እየጠበባቸው በጣታቸው ጫፍ ነው የሚሄዱት። አዴ ቡልቱ ሰፋ ያሉ፣ ሻሽ ያሰሩ ሴት ናቸው፤ በኮባ የተጠቀለለ ቅቤ ለቤቱ ይዘው መጥተዋል። አማርኛ ብዙም አይናገሩም፤ አዳማ ያደገ ሰው ግን ኦሮምኛ ባይናገርም ይሰማል።

ኦቦ ገመዳ ጠረጴዛው ጋ ቁጢጥ ብለው «ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ፤ ነይ የኔ ልጅ» አሏት። ልቅሶው ባሰ። ተነሥተው ወጡና ግቢው ውስጥ ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ቆሙ። እኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ።

አዴ ቡልቱ ጎንበስ ብለው የልጅቷን ራስ አዩ።

«ይሄን ማን ሠራው?» አሉ በኦሮምኛ።

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። ይህን ነው እኔ ዕድሜዬን ሙሉ የምፈራው።

«እኔ» አልኩ።

ከላይ እስከ ታች አዩኝ። «ያምራል» አሉ። «ያማል እንጂ፣ ያምራል።»

ከዚያ መሬት ላይ ተቀመጡ። ልጅቷን አልጠሯትም። ሻሻቸውን አወለቁ፤ እሳቸውም ሹሩባ ተሠርተዋል። የኮባውን ቅጠል ፈቱ፤ ከቅቤው ቆንጠር አድርገው በመዳፋቸው አቀለጡና የገዛ ሹሩባቸውን መፍታት ጀመሩ። አንዱ ጉንጉን ሲፈታ «እፎይ!» ይላሉ። ሌላው ሲፈታ «እፎይ!» ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚሉት። ልጆቹ መሳቅ ጀመሩ፤ አንዳንዶቹም አብረው «እፎይ!» አሉ። ከጠረጴዛው ሥር ያለው ልቅሶ ቆመ። ቢፍቱ አንድ እጇን ከራሷ ላይ አንሥታ ታያቸዋለች።

ስንት «እፎይ» እንደተባለ እንጃ፤ ልጅቷ በእንብርክክ ወጣች። ፊታቸውን አላየችም። ዞረችና፣ ወደ ኋላ እየተንፏቀቀች ሄዳ፣ በጀርባዋ ጉልበታቸው መሐል ገብታ ተቀመጠች። ሰውን ፊት ለፊት የማትችል ልጅ በጀርባዋ መጣች። እኔ ይህን ሰው ሁሉ ጀርባውን ሰጥቶኝ የሚቀመጥበትን ሥራ የመረጥኩበት ምክንያት ይህ መሆኑን እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላውቅም ነበር።

አዴ ቡልቱ በድል አድራጊነት ማንንም አላዩም። ቅቤውን ቀቧትና ከማጅራቷ ጀመሩ። ሚዶዬን አቀበልኳቸው። ላግዝዎ ብዬ እጄን ስዘረጋ ግን «አንቺ ሠርተሻል፤ እኔ ልፍታ» አሉኝ። እጄን ሰበሰብኩ። ያ የእኔ ቀጭን ሥራ በቀላሉ አይፈታም፤ እሳቸውም አይቸኩሉም። እትዬ ብርቄ ምሳውን እስክታሳርረው ድረስ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

ግማሹ ሲፈታ ኦቦ ገመዳ አንገታቸውን አስገቡ። «ቡልቱ፣ ዝናብ ሳይመጣ ነገሌ ካልደረስን ጋሪ አናገኝም።»

አዴ ቡልቱ እጃቸውን አቆሙ። «እንሂድ?» አሏት ልጅቷን በቀስታ።

ቢፍቱ ያልተፈታውን ጎን ያዘች። «ይሄስ?» አለች። ድምፅዋን ስሰማ ያኔ የመጀመሪያዬ ነበር።

«እሱን ቤት እንፈታዋለን። መኪና ላይም እፈታልሻለሁ።»

አሰበች። ልጅ እንዲህ ረጅም ሲያስብ አይቼ አላውቅም። ከዚያ ተነሣችና ጫማዋን ፈለገች። እትዬ ብርቄ የተፈታውን ጎን ሳመቻትና ፈጠን ብላ ወደ ማዕድ ቤት ገባች፤ ድስቱን ስትሳደብ ይሰማናል።

የእኔም መንገድ በነገሌ ስለሆነ አብሬያቸው ወጣሁ። ሊና ግማሽ ሹሩባዋን እያወዛወዘች እስከ መንገዱ ሸኘችን፤ «በጣም ጎበዝ» አለች ለሁላችንም።

ሚኒባሱ ውስጥ ኦቦ ገመዳ ጫማቸውን አወለቁ፤ አዴ ቡልቱም ልጅቷን ጉልበታቸው መሐል አቁመው ሥራቸውን ቀጠሉ። የቅቤው ሽታ መኪናውን ሞላው።

«ኧረ ሰዎች!» አለ አንድ ተሳፋሪ ከፊት። «እኛ በፆም ተቃጥለን እናንተ ፋሲካን መኪና ውስጥ አስገባችሁት!»

«መስኮት ክፈትና ፁም» አለው ረዳቱ።

ጎናቸው የነበረች ሴት «እኔም በዚህ በኩል ልፍታላት፤ ቶሎ ያልቃል» አለች። ቢፍቱ «እምቢ!» አለች፤ በጣም ጮክ ብላ። መኪናው በሙሉ ሳቀ። አዴ ቡልቱ ከሁሉም በላይ ሳቁ።

እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። የቀረው በግራ ጆሮዋ በኩል ያለው ነው፤ እሱን ደግሞ በጣም ያጠበቅኩት እኔ ነኝ፤ አፈታቱንም የማውቀው እኔ ነኝ። አዴ ቡልቱ አንዳንዴ የማይሆን ጫፍ ይስባሉ። ክሩ የቱ ጋ እንደሚያልቅ ብነግራቸው በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱት ነበር። እጄ በላኝ። ሁለቱን እጆቼን ቀሚሴ ሥር አድርጌ ተቀመጥኩባቸው። ነገሌ እየቀረበ ሲሄድ ሥራዬን አስቤ «በርታ፣ አትላላ» አልኩት በልቤ። እንደዚያ ቀን በጥብቅ ሹሩባ ኮርቼ አላውቅም።

ነገሌ ወረዱ። ከመስኮቱ ሳይ ቢፍቱ በቀኝ በኩል ጸጉሯ በቅቤ ተነፋፍቶ እንደ ጥጥ ቆሟል፤ በግራ በኩል ግን የእኔ ሥራ አንድም ሳይነቃነቅ ተኝቷል። ማንም ደንበኛ እንዲህ ሆና ከቤቴ ወጥታ አታውቅም። ኦቦ ገመዳ ጫማቸውን በእጃቸው ይዘው ጋሪ ሊያቆሙ ቀድመው ሄዱ። አዴ ቡልቱ ሻሻቸውን ለማሰር መንገዱ ዳር ቆሙ። ልጅቷ ግን ጊዜ አልሰጠቻቸውም። በአንድ እጇ ያልተፈታውን ጎን ይዛ፣ በሌላው የቀሚሳቸውን ጫፍ እየጎተተች፣ «ቶሎ በይ» የምትል ይመስል ወደ ጋሪው ወሰደቻቸው።